ተረከዝና ዳገት

ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ኑሮ ውድነት መጻፍ የለመደ ሰው ስለ ተረከዙ ሲጽፍ አንባቢ ሊገረም ይችላል። “ሀገር እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ እያለች ስለ እግር ሕመም ማውራት ምን የሚሉት ቅንጦት ነው?” የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋም አውቃለሁ። ይሁንና እግር በሀገራችን የግል ጉዳይ መስሎ የሚኖር የሕዝብ ጉዳይ ነው። ማን ጫማ ያደርጋል? ማን በባዶ እግሩ ይሄዳል? ሲታመም ማን ያየዋል? ሰው በስንት ዓመቱ “ከእንግዲህ አርፈህ ተቀመጥ” ይባላል? እነዚህ ሁሉ መልሳቸው ያለው በበጀት፣ በመንገድ፣ በጤና ጣቢያና በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ግራ እግሬ ስጽፍ ከፖለቲካ የወጣሁ አይመስለኝም።

የምኖረው በዶዮገና ነው። ለማያውቋት አንባቢያን፣ ዶዮገና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 258 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በከምባታ ዞን የምትገኝ የወረዳ ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የቀድሞው የደቡብ ክልል ቀርቶ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት እኛም ከሐዲያ፣ ከስልጤ፣ ከጉራጌና ከሐላባ ጎረቤቶቻችን ጋር በአዲሱ ክልል ተካተናል። የወረዳው መሬት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 እስከ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። እንሰት በየጓሮው፣ ድንች በየማሳው፣ ስሟን በሀገር ደረጃ ያስጠራላት የዶዮገና በግ ደግሞ በየደጁ አለ። ሜዳ ግን የለም። ከቤት የወጣ ሰው ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። ለጤነኛ ሯጭ ይህ ከፍታ ሌላው ዓለም ገንዘብ ከፍሎ የሚፈልገው ሀብት ነው፤ ለታመመ ተረከዝ ግን እያንዳንዱ ዳገት ፈተና ነው።

በአካባቢያችን ጎልማሳ ሰው ሲሮጥ ከታየ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይም ከብት ጠፍቷል። ወጣት ቢሮጥ “ሯጭ ሊሆን ነው” ይባላል። ፀጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ሦስት ልጆች ያሉት መምህር ሲሮጥ ግን ሰው ሥራውን ትቶ ይቆማል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ሽማግሌ አስቁመውኝ በከምባትኛ “ልጄ፣ ማን ሞተ?” ብለው ጠየቁኝ። “ማንም አልሞተም አባባ፤ እኔ እንዳልሞት ነው የምሮጠው” አልኳቸው። ጥቂት ወራት አልፈው መንገድ ላይ እንደገና ስንገናኝ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ “እንዳትሞት ከሆነ የምትሮጠው፣ ታዲያ ለምን ታነክሳለህ?” አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ረጅሙ መልስ ይሁንልኝ።

መሮጥ የጀመርኩት በ45 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ታላቅ ወንድሜ በ51 ዓመቱ አንድ ማለዳ አፉ ተሳስሮ ወደቀ፤ በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። ስትሮክ ነበር። ወንድሜ በሕይወቱ የደም ግፊቱ ተለክቶ አያውቅም። ቤተ ሰባችን ውስጥ አባታችንም አጎታችንም “ድንገት” ሄደዋል፤ ድንገት የሚለው ቃል በእኛ ቤት ምርመራን ተክቶ ሲሠራ የኖረ ቃል ነው። ከለቅሶው በኋላ ሄጄ ተለካሁ፤ 150 በ95 ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 በሀገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ከአዋቂው ሕዝብ 16 በመቶ ገደማው የደም ግፊቱ ከፍ ያለ መሆኑን፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሕክምና ላይ አለመሆናቸውን አሳይቷል። ወንድሜ ከእነዚያ አንዱ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለመትረፍ ዕድል ያገኘሁ ሌላው ነኝ። መድኃኒት ጀመርኩ፣ ጨው ቀነስኩ፣ መራመድ ቀጥሎም መሮጥ ጀመርኩ።

በስምንት ወር ውስጥ 12 ኪሎ ሜትር ሳልቆም መሮጥ ቻልኩ። ግፊቴ ወረደ። በሐዋሳ ሲካሄድ የቆየውን የ21 ኪሎ ሜትር ግማሽ ማራቶን ለመሮጥ ተመኘሁ። የሐዋሳ ከተማ ከእኛ ዝቅ ያለች፣ የሐይቅ ዳር ሜዳማ ከተማ ናት፤ የዶዮገናን ዳገት የለመደ ሳንባ እዚያ ይንደላቀቃል ብዬ አሰብኩ። ሳንባው ደርሶ ነበር፤ እግሩ ግን ከመንገድ ቀረ። አንድ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የግራ ተረከዜ ሚስማር እንደ ረገጠ ሆነ። አሥር እርምጃ ስሄድ ለቀቀኝ። በማግሥቱም እንዲሁ። በወሩ ከትምህርት ቤት ደወል በኋላ ከመቀመጫዬ ስነሳ ተማሪዎቼ የሚያዩት የሚያነክስ ሰው ሆንኩ።

ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ወፍራም ጅማት አለ። ሐኪሞች ፕላንታር ፋሺያ ይሉታል። የእግርን ቅስት ደግፎ የሚይዘው፣ በእያንዳንዱ እርምጃም እንደ ጠፍር የሚወጠረው እርሱ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ ይህ ጅማት የቀድሞ መለጠጡ ይቀንሳል፤ ጫናውን መቋቋም ሲያቅተው ተረከዝ ላይ በተያያዘበት ቦታ ያማል። ሌሊት ሲያርፍ ይኮማተራል፤ ለዚህ ነው የጠዋቱ የመጀመሪያ እርምጃ ከሁሉ የሚከፋው። የሯጭ በሽታ ብቻም አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ መምህራን፣ ነርሶች፣ ጠባቂዎችና የገበያ ሴቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ስሙን ባያውቁትም።

ለምርመራ በሄድኩበት አንድ ቦታ ያየኝ ባለሙያ እግሬን ሳይነካ ካርዴ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ አነበበና “ዕድሜዎን ያስቡ እንጂ፤ ሩጫው ይቅርብዎ” አለኝ። ማስታገሻ ተጻፈልኝ። ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ፤ ባቴን እያሸ “ይህ የነርቭ ብርድ ነው” አለኝ፤ ለሁለት ቀን ያህል ቀለል አለኝ። ጓደኞቼ ቡና እየጠጣን “ጋሼ፣ አሁን እኮ ልጆችህ የሚሮጡበት ጊዜ ነው” አሉኝ። ሁሉም ቅን ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ግን አንድ ነገር ተናገሩ። ጋሼ መባል ክብር ነው፤ ክብሩ ግን ወንበር ይዞ ይመጣል። አርባ አምስት የሞላው ሰው በለቅሶ ቤት ከፊት ይቀመጣል፣ በሠርግ ከፊት ይቀመጣል፣ በሽምግልና ይቀመጣል። በመቀመጥ የተከበረ ሰው ሲነሣ ክብሩን የጣለ ይመስላል። ወንድሜም የተከበረ ሰው ነበር።

ታዲያ የዚህ ሁሉ ክርክር ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ብሮጥ እግሬ ይታመማል፤ ብቀመጥ የደም ሥሬ። የመጀመሪያው ሕመም ያነክሳል፣ ሁለተኛው ይገድላል። በሁለቱ መካከል መንገድ እንዳለ ያወቅሁት ሆሳዕና ሄጄ አንድ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካገኘሁ በኋላ ነው። ወጣቱ ሩጫውን ለጊዜው አቁም አለኝ፤ እግሩን ግን አታሳርፈው አለኝ። ጅማት በዕረፍት ብቻ አይጠናም፤ በልኩ እየተጫነ ነው የሚጠናው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዴንማርክ ተመራማሪዎች የታተመ አንድ ጥናት ያስተማረውን ዘዴ አሳየኝ። ፎጣ ተጠቅልሎ ከጣቶች ሥር ይደረጋል፤ በደረጃ ጠርዝ ላይ በአንድ እግር ይቆማል፤ በሦስት ሰከንድ ቀስ ብሎ ተረከዝ ይነሣል፣ ሁለት ሰከንድ ላይ ይቆያል፣ በሦስት ሰከንድ ይወርዳል። ይህ በየሁለት ቀኑ አንዴ ይደረጋል። በጥናቱ ይህን የሠሩት ሕሙማን በሦስተኛው ወር እግራቸውን ብቻ ከሚያሳስቡት የተሻለ ለውጥ አሳይተው ነበር፤ በዓመቱ ግን ሁለቱ ቡድኖች ተቀራርበው ተገኝተዋል። ባለሙያው ይህንንም አልደበቀኝም። “አንድ ዓመት ይፈጃል ብለህ ጀምር” አለኝ።

በቤቴ ደጃፍ ሁለት የድንጋይ ደረጃዎች አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታ በእነርሱ ላይ በአንድ እግሬ ቆሜ እወጣለሁ እወርዳለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ በሁለተኛው ወር ጎኔ ቆማ አብራኝ መሥራት ጀመረች።

በሀገራችን ስለ ሩጫ ሲነሣ ሁላችንም ወደ ጀግኖቻችን እንሄዳለን፤ እኔም በእነዚያ የድንጋይ ደረጃዎች ላይ ስቆም የማስበው እነርሱን ነበር። ነገር ግን ከሜዳልያው ይልቅ ስለ እግራቸው ማሰብ ጀመርኩ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ እንዳሸነፈ የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ሲያሸንፍ ግን ጫማ እንዳደረገ፣ ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምናም ስድስት ሳምንት ሳይሞላው እንደ ነበር የሚያነሣ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ደግሞ በእግሩ ጉዳት ምክንያት ከመንገድ ወጣ። የዚያን ቀን ወርቁን ያመጣው ማሞ ወልዴ ዕድሜው 36 ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በሙኒክ፣ በ40 ዓመቱ፣ በማራቶን ነሐስ አገኘ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ በታመመ የተረከዝ ጅማት ሮጦ አሸነፈ፤ ከውድድሩ በኋላም ቀዶ ሕክምና አደረገ። ከስምንት ዓመት በኋላ በ35 ዓመቱ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡03፡59 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ደራርቱ ቱሉ ኒውዮርክን ያሸነፈችው እ.ኤ.አ. በ2009 በ37 ዓመቷ ነው። ለዓመታት ከጉዳት ጋር ሲታገል የኖረው ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2024 በለንደን በ41 ዓመቱ በ2፡04፡15 ሁለተኛ ወጣ።

ይህን የምዘረዝረው ራሴን ከእነርሱ ጎን ለማቆም አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ድፍረት የዶዮገና ሽማግሌዎች አይፈቅዱልኝም። ልናገር የፈለግኩት ሌላ ነው። ከእነዚህ አትሌቶች ታሪክ የምንመርጠው የባዶ እግሩን ሮም ነው እንጂ የጫማውን ቶኪዮ አይደለም። ጽናቱን እንዘምራለን፣ ቀዶ ሐኪሙን እንረሳለን። ኢትዮጵያዊ በተፈጥሮው ሯጭ ነው፣ እግሩ ብረት ነው የሚለው አባባል ያኮራናል፤ ነገር ግን ብረት ነው የተባለ እግር ሐኪም አይመደብለትም። የማሞ ወልዴ ነገርማ የባሰ ነው። በ36 ዓመቱ ወርቅ፣ በ40 ዓመቱ ነሐስ ያመጣ ሰው በቀይ ሽብር ዘመን ተፈጽሟል በተባለ ግድያ ተከሶ ወደ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፍርድ ሳያገኝ በእስር ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ስድስት ዓመት ተፈርዶበት ከዚያ በላይ ታስሯልና ተለቀቀ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር አረፈ። ጥፋት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች ልተወው። ፍርድን ዘጠኝ ዓመት ማዘግየት ግን በማንኛውም ሚዛን ፍትሕ አይደለም። እግሩ ሲያመጣልን አጨበጨብን፤ ሰውየው ሲያረጅ ረሳነው።

ከዚህ በላይ ያሳሰበኝ ግን በአንድም ዘገባ ስሟ የማይነሣ ሌላ እግር ነው። አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ከኛ ቤት ብዙም ሳትርቅ ትኖራለች። በልጅነቴ ቀሚሷ መሬት የሚጠርግ የነበረው ለምን እንደ ሆነ አላውቅም ነበር። ዝሆኔ ይዟት ነው። ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበት በታች አብጠው ቆዳቸው ድንጋይ መስሏል። በቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ ከኋላ ትቀመጣለች፤ ሠርግ አትሄድም። ስለ ተረከዜ ስነግራት በጥሞና አዳመጠችኝና “አንተስ ሲያምህ ትናገራለህ፤ እኔ አርባ ዓመት ደበቅሁት” አለችኝ።

የእርሷ በሽታ ብዙዎቻችን ከትንኝ ይመጣል የምንለው ዝሆኔ አይደለም፤ ርግማንም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ ትውልዱ የሚያጋልጠው ከሆነ፣ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳው ገብተው እግሩን ያሳብጡታል። በሀገራችን ያጠናው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ሰጠው፤ እግርና አቧራ ከሚሉት የግሪክ ቃላት የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያዊው ፋሲል ተኮላ አየለ መሪነት በጎረቤታችን በወላይታ የተካሄደ ጥናት የዘር ተጋላጭነቱን አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የካርታ ጥናት ደግሞ 34.9 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን በሽታው ሊይዝ በሚችልበት አካባቢ እንደሚኖሩ ገመተ። የሕሙማኑ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚደርስ ተገምቷል። ከዚህ ሁሉ ቁጥር ይልቅ ልብ የሚሰብረው መከላከያው ነው፦ ጫማ፣ ውኃና ሳሙና። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እግርን መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ብቻውን ሕሙማኑን አልጋ ላይ የሚጥለውን የትኩሳትና የሕመም ጥቃት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

እንግዲህ የባዶ እግርን ክብር በዚህ ሚዛን እንመልከተው። በሮም አደባባይ ጀግንነት የሆነው ነገር በከምባታ፣ በሐዲያና በወላይታ ማሳዎች ላይ አካል ያጎድላል። ለአክስቴ ትውልድ ኮንጎ ጫማ እንኳ የበዓል ልብስ ነበር። እኔ ከሆሳዕና ገበያ ሰልባጅ የሩጫ ጫማ ገዝቼ፣ ሶሉ ሲያልቅ ሌላ ፈልጌ፣ ተረከዜ ታመመ ብዬ ማማረሬ ከዕድለኞች ወገን መሆኔን ይነግረኛል። ነገር ግን የእርሷም የእኔም ሕመም አንድ ሥር አለው። ሁለታችንም “የእግር ነገር ያልፋል” ተብለናል። እርሷን በወጣትነቷ፣ እኔን በጎልማሳነቴ።

ከእኔ ጋር ማለዳ የሚሮጥ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ዳገቱን እያወራ የሚወጣ፣ እኔ መተንፈስ ሲያቅተኝ ቆሞ የሚጠብቀኝ ልጅ። እግሬ ታሞ ሩጫ ባቆምኩበት ወቅት እርሱ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ጀመረ። የእኛ አካባቢ ረጅም ርቀት ይህ ነው፤ ከሆሳዕናና ከዱራሜ ተነሥቶ በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው መገኘታቸውን አንባቢ ያስታውሳል። የልጁ እናት በየሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ “መምህር፣ ደወለልህ?” ትለኛለች። ሦስት ጊዜ ደውሏል። በሦስተኛው ጊዜ “ተረከዝህ እንዴት ሆነ?” አለኝ። እርሱ የት እንዳለ ስጠይቀው ስልኩ ተቋረጠ። ጉልበት ያለው ወጣት የሚሮጥበት አጥቶ ሲሄድ፣ ቀሪው ጎልማሳ ተቀመጥ ሲባል፣ የከተማችን የሥራ አቅም ማን ጋ ሊቀር ነው የሚለውን ጥያቄ ለዕቅድ አውጪዎች እተዋለሁ።

ወደ ልምምዱ ልመለስ። ሩጫ ካቆምኩ ከአሥር ሳምንት በኋላ እንደገና ጀመርኩ፤ አራት ደቂቃ እርምጃ፣ አንድ ደቂቃ ሩጫ። ዳገት ባትንና ተረከዝን አብዝቶ ስለሚወጥር ከትምህርት ቤታችን የኳስ ሜዳ አልወጣም። አንዱ ዙር 300 ሜትር ያህል ነው። ዙሩን የምቆጥረው በኪሴ በያዝኳቸው ጠጠሮች ነው፤ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ጠጠር ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ይዛወራል። ባለሙያው የሰጠኝ ሕግ ቀላል ነው። ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ለካው፤ ከሦስት ካለፈ አቁም፤ በማግሥቱ የጠዋቱ የመጀመሪያ እርምጃ ከትናንት ከባሰ የሚቀጥለውን ልምምድ ቀንስ። ስለዚህ ዳኛዬ ሰዓት አይደለም፣ ከአልጋ ወደ በር ያለችው አሥር እርምጃ ናት። በአንድ ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ከአንድ ደቂቃ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ደርሻለሁ። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሼ ከእርምጃ ጀምሬአለሁ። ግፊቴ ባለፈው ወር 128 በ82 ነበር።

የሀገራችን የስፖርት ፖሊሲ በ1990 ዓ.ም. ሲወጣ ኅብረተሰቡ በሚኖርበት፣ በሚሠራበትና በሚማርበት ቦታ ሁሉ የስፖርት ተሳታፊ እንዲሆን አልሞ ነበር። ዓላማው መልካም ነው። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ተራው ሰው በአደባባይ መሮጥ እንደሚችል አሳይቷል፤ ብዙ ጊዜም ሯጩ በዜማ ብሶቱን የተነፈሰበት መድረክ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው “መንገዶች ለሰው”ም መኪና በሌለበት አስፋልት ላይ ልጅና አዋቂ አብረው እንዲንቀሳቀሱ አድርጓል። በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል፤ ከቦታው የተነሡትን ሰዎች ዋጋ ሳንዘነጋ ይህንን እንመስክር። ይሁንና እነዚህ ሁሉ ከዋና ከተማው ወጥተው ወደ ወረዳ ከተማ ሲደርሱ ይመነምናሉ። በእኛ ዘንድ የእግረኛ መንገድ ማለት የመኪናው መንገድ ጠርዝ ነው። የትምህርት ቤት ሜዳ ደግሞ ጥበቃ ካልተደረገለት በየዓመቱ ከዳር ከዳር እየተቆረሰ የሚሄድ መሬት ነው።

የምጠይቀው ስታዲየም አይደለም። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በጤና ኬላ ግፊቱ ይለካለት፤ መለኪያው ካለ፣ የምትለካዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ካለች፣ ይህ የፖሊሲ ሳይሆን የልማድ ጉዳይ ነው። በየዞኑ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይመደብ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ባለሙያውን እያሠለጠኑ ነው፣ ጎደሎው የሥራ መደቡ ነው። ልጆች ጫማ አድርገው ትምህርት ቤት ይምጡ፣ ሲገቡም እግራቸውን የሚታጠቡበት ውኃ ይኑር። የኳስ ሜዳው ካርታ ይኑረው። ከእነዚህ አንዱም ለሜዳልያ አያበቃንም። ሁሉም ግን ሰው በ51 ዓመቱ “ድንገት” እንዳይሄድ ይረዳሉ።

ሐዋሳን ገና አልሮጥኳትም። ዘንድሮ እችል እንደ ሆነ ተረከዜ አልነገረኝም፤ አንዳንድ ጠዋት አሁንም ግድግዳ ይዤ ነው የምነሣው። ባለፈው ቅዳሜ ግን አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ መጣች። ከጤና ጣቢያ በተሰጣት ምክር እግሯን በየማታው መታጠብ ከጀመረች ስድስት ወር ሆኗታል፤ ጫማ ሠሪ በልኳ የሠራላትን ሰፊ ጫማ አድርጋ ነበር። እኔ ስሮጥ እርሷ በሜዳው ጠርዝ ቀስ ብላ ተራመደች። አንድ ዙር ጨርሳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ወደ ቤት ስንመለስም ከጠጠሮቼ አንዱን ለራሷ ጠየቀችኝ።

ቸር ይግጠመን።